የቪየኖ ብርድ ልብስ

የሐዘን ማስታወቂያውን ከጋዜጣ ላይ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጣ ያረፈው እኔ ላይ ነው። ሌምፒ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ለሠርግ የሚሄዱ ነጫጭ አበቦችን ግንድ እየገረዘች ነበር። «ቪየኖ ሳልሚ፣ በሰባ አንድ ዓመቷ፣ ሐሙስ ዕለት በሆስፒታል አርፋለች» ብዬ ጀመርኩና መጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ያዝ አደረገኝ። «ቤተሰቡ አበባ እንዳይመጣ በአክብሮት ይጠይቃል» ይላል።

መቀሱ ቆመ።

«ድገሚው።»

ደገምኩት።

«ማናት ይህን የጻፈች?»

«ዴኒስ ናታ። ከልጇ ሌላ ማን አላት?»

«ለቪየኖ አበባ እንዳይመጣ? ለቪየኖ!» መቀሱን ወረወረችው። ግድግዳውን መትቶ የሪባኑን መደርደሪያ ይዞ ወረደ። «አንቺስ ይህንን ስታነቢ እንዴት ምላስሽ አልተሳሰረም?»

እኔ ምን አደረግኩ? ሌምፒ ስትናደድ ግን አጥፊና ያላጠፋ አትለይም። የወንድሜ ሚስት ናት። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህች ሱቅ አብሬያት ሽቦ ጠምዝዣለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉም ተቆጥታኛለች። ካርሁላ ከትልቁ ሐይቅ በላይ ያለች መንደር ናት። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ የአበባ ሱቅ አላት። በረዶው ኅዳር ላይ ይመጣል፣ ግንቦት ላይ ይሄዳል። እዚህ የሚወለድም፣ የሚያገባም፣ የሚሞትም በሌምፒ እጅ ሳያልፍ አይቀርም። ቪየኖ ግን ሳታልፍ ልትቀር ነው።

ቪየኖ ለሌምፒ ምኗ እንደነበረች ልንገራችሁ። የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ነበረች። ጡረታ ከወጣች በኋላ በየቀኑ ትመጣና ምድጃው አጠገብ ባለችው ወንበር ትቀመጣለች። በልግ ሲመጣ እጇ ሥራ አይፈታም፤ ከእኛ ጋር ብርድ ልብስ ትሠራለች። ብርድ ልብስ የምንለው ከጥድ ቅርንጫፍ በእንጨትና በዶሮ ሽቦ ላይ ጥቅጥቅ አድርገን የምንሸምነውን ነው። በረዶ ከመውረዱ በፊት በየመቃብሩ ላይ ይነጠፋል፣ ሙታኑ ክረምቱን ለብሰውት ያድራሉ። ወደ ደቡብ ከሚያሻግረው ትልቅ ድልድይ ማዶ የሚመጡ ሰዎች ይስቁብናል። አንዱ እዚሁ ሱቅ ቆሞ «በሁለት ሳምንት በረዶ ለሚውጠው ነገር ይህ ሁሉ ድካም ለማን ዓይን ነው?» ቢላት፣ ሌምፒ «የውስጥ ልብስህንስ ለማን ዓይን ብለህ ነው የምትለብሰው?» አለችው። አበባ ሳይገዛ ወጣ።

ቪየኖ የራሷን ብርድ ልብስ ካዘዘች ቆይታለች። በየዓመቱ ቅርንጫፍ እያሰረች ትደግመው ነበር።

«የእኔ ላይ ሪባን እንዳታደርጊ። ሪባን ለስጦታ ነው፣ እኔ ስጦታ አይደለሁም። ከደጃፌ ዛፍ ቀዩን ፍሬ አድርጊልኝ።»

«ቀድመሽኝ ከሞትሽ ነዋ» ትላታለች ሌምፒ።

«እቀድምሻለሁ። በምን ቀድመሽኝ ታውቂያለሽ?»

«በወሬ እንኳ አልቀደምኩሽም።»

መስከረም ላይ ቪየኖ ከተማ ሆስፒታል ገባች፤ በመኪና አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ያ ሳምንት የተማሪዎቹ የዳንስ በዓል የሚውልበት ስለነበር ለሰማንያ ልጃገረዶች የእጅ አንጓ አበባ መሥራት ነበረብን። ቪየኖ ስትደውል ሌምፒ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛው፣ ጣቶቿ ሽቦ ላይ እንደሆኑ «እመጣለሁ እኮ» ስትል ሰማሁ። ከዚያ «እሺ በቃ፣ አንቺ ብቻ እረፊ» ብላ ዘጋችው። «እንዴት ናት?» ስላት «ደህና ናት፣ ሥራሽን ሥሪ» አለችኝ። በሁለተኛው ሳምንት ያንን ማስታወቂያ አነበብኩላት።

የቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ራቁቱን ነበር። አንዲት አበባ፣ አንዲት ቅጠል የለም። ሬሳ ሳጥኑ ለመጫን እንደሚጠብቅ ዕቃ ብቻውን ተቀምጧል። ሌምፒ ሁለተኛው መቀመጫ ላይ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ቁጭ አለች። እነዚያን እጆች ያለ ሥራ አይቻቸው አላውቅም። ስንወጣ መቃብሩን የሚጠብቀውን ዋይኖን ያዘችው።

«ብርድ ልብስ አመጣላታለሁ።»

«የቦታው ወረቀት በዴኒስ ስም ነው፣ ሌምፒ። እሷ ሳትፈቅድ የተቀመጠ ነገር ካለ አነሳለሁ። ደንቡ ነው፤ እኔን አትቆጪኝ።»

«አንተን ብቆጣ ጉልበቴን አባከንኩ» ብላው ሄደች።

ዴኒስን ሄዳ አታናግራትም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብያት ነበር። «እኔ የሰው ልጅ ደጅ ቆሜ የእናትሽን መቃብር ላልብስልሽ ብዬ ልለምን?» ብላ ጮኸችብኝ። ዴኒስ በማግሥቱ ወደ ደቡብ ነዳች።

እኛም ውርጭ መጠበቅ ጀመርን። ሦስት ጊዜ ጠንካራ ውርጭ ሳይመታው የተቆረጠ ጥድ ቅጠሉን አይዝም፤ የገና በዓል ሳይደርስ ራቁቱን ይቀራል። የከተማው ትልቅ መደብር ይህን አያውቅም፣ ቢያውቅም ግድ የለውም፤ ጥቅምት ላይ ቆርጦ ይሸጣል። የዚያን ዓመት ውርጩ ቀለደብን። የመጀመሪያው ጥቅምት አጋማሽ ላይ መጣ፣ ሁለተኛው በሳምንቱ። ከዚያ ሙቀቱ ተመለሰና ተርቦች እንደገና የወደቀው ፖም ላይ መጮህ ጀመሩ። የአደን ወቅት ሊከፈት ነው፤ እሱ ከተከፈተ ወንድ የተባለ ሁሉ ጫካ ስለሚገባ ጭነት የሚያግዝ አይገኝም። ሰው እየመጣ «ሌምፒ፣ የእናቴስ? የባሌስ?» ይላል። «ሂዱና ሰማዩን ጠይቁት!» እያለች በሩን ትዘጋባቸዋለች። እኔ ራሴ «ሁለቱ ይበቃል፣ እንቁረጥ» ብላት፣ ቅርንጫፍ አንስታ ልትመታኝ ቃጣች።

ሦስተኛው ውርጭ ኅዳር መግቢያ ላይ መጣ። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲንኮሻኮሽ፣ በወንድሜ አሮጌ ፒክአፕ ጫካ ገብተን እስኪመሽ ቆረጥን። ሱቁ ሙጫ ሙጫ ሸተተ። የቪየኖ ወንበር ምድጃው አጠገብ ባዶዋን ቆማለች። እኔ ሳላስብ ካፖርቴን ጣል ባደርግባት ሌምፒ ብድግ ብላ ካፖርቱን ግቢ ውስጥ ወረወረችው። አንስቼ አራግፌ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት፤ ምን እላታለሁ?

ከሁሉ በፊት የሠራችው የቪየኖን ነው። ፈቃድ የለም፣ የጠየቀ የለም፣ እሷ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ሠራችው። እንደዚያ ጥቅጥቅ ያለ ብርድ ልብስ ከእጇ ሲወጣ አላየሁም። ሪባን የለውም። መሃሉ ላይ ለቀዩ ፍሬ የሚሆን ቦታ ተወችለት።

«ፍሬውን ማታ ሄደን ከዛፏ እንስረቅ» አልኳት።

«ለቪየኖ የተሰረቀ አላለብስም» አለችና ከሱቁ ጓዳ መጋረጃ ኋላ አቆመችው።

የአደኑ መክፈቻ አራት ቀን ሲቀረው ዴኒስ የእናቷን ቤት ልትዘጋ መጣች። ከዚያም ሱቃችን ገባች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ግራጫ ካፖርትና ለካርሁላ የማይሆን ቀጭን ጫማ አድርጋለች። ልጅ ሆና የቤት ሥራዋን የምትሠራው እዚሁ ጠረጴዛ ሥር ነበር፤ ያኔ ሌምፒን «አክስቴ» ነበር የምትላት።

«ደህና ዋሉ፣ ወይዘሮ ሌምፒ» አለች።

የሌምፒ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ቡና ትጠጫለሽ?»

«አይ፣ አመሰግናለሁ። ጠጥቻለሁ።»

እዚህ ላይ የአገራችንን ነገር ልንገራችሁ። ሰው ቤት ገብተህ ቡና ሲሉህ «አይ» ትላለህ። ሲደግሙህ «አልቸግራችሁ» ትላለህ። ሦስተኛ ሲሉህ ትቀመጣለህ። በመጀመሪያው የተቀመጠ ስድ ይባላል፤ የእንግዳን የመጀመሪያ «አይ» ያመነ ደግሞ ከስድም የባሰ ነው። ሌምፒ ያን ቀን አልደገመችም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእሷ አይቼው የማላውቅ ብልግና ነው፤ በእሷ ፈንታ እኔ አፈርኩ።

ዴኒስ ጓንቷን እያፍተለተለች «ዋይኖ ስለ ብርድ ልብሱ ነገረኝ» አለች። «ለእማዬ አንድ ቢሠሩላት ብዬ ነበር።»

«አይሆንም» አለች ሌምፒ።

ዴኒስ እስከ ጆሮዋ ቀላች። «እሺ… ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ» አለችና ወጣች። የበሩ ደወል አቃጨለ። ብርድ ልብሱ ዴኒስ ቆማ ከነበረችበት ሁለት እርምጃ ርቆ ከመጋረጃው ኋላ ነበር።

ደሜ ፈላ።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ሠርተሽ አስቀምጠሽ አይሆንም ትያለሽ?»

«አይሆንም አልኩ። ደግማ ጠየቀችኝ? አልጠየቀችም። ብትፈልገው ትጠይቀኝ ነበር።»

«ከድልድዩ ማዶ ሠላሳ ዓመት የኖረች ልጅ ናት! እዚያ አይ ማለት አይ ነው! ሩጪና ጥሪያት!»

«አንቺ ሩጪ።»

እኔም አልሮጥኩም፤ እኔም ኩራት አለኝ፣ ደግሞም ጉልበቴን ያመኛል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል፤ ሌምፒ ያን ቃሏን ከሰቀለችበት ማውረድ አቃታት። ዴኒስ ነድታ ሄደች። እኛ ሃምሳ ስምንት ብርድ ልብስ በሃምሳ ስምንት መቃብር ላይ አነጠፍን። የቪየኖ አፈር በመሃላቸው ባዶውን ቀረ። በሦስተኛው ቀን ከሐይቁ ላይ በረዶው መጣ፤ ሲያባራ የዋይኖ የእንጨት ምልክቶች ጫፍ ብቻ ይታይ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ሱቁ በቀያይ የገና አበቦች ተሞላ። ሌምፒ በአበባው ትቆጣለች፣ በበረዶ ጠራጊው ትቆጣለች፣ የቤተ ክርስቲያኑን መሠዊያ ስናስጌጥ ሻማ ያጣመመውን ፓስተር ሳይቀር ተቆጣች። በየጠዋቱ ግን በጓሮ ወጥታ የአንድ ነገር በረዶ ታራግፋለች። ብርድ ልብሱን እዚያ ቅዝቃዜው ውስጥ አቁማዋለች። አንድ ቀን ይህን በመስኮት ሳይ ትዕግሥቴ ተሟጠጠና፣ ቤቴ ገብቼ ዴኒስ ጋ ደወልኩ።

«አበባ አይምጣ ያለው ማነው? አንቺ ነሽ ወይስ እናትሽ?» አልኳት፣ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ።

«እማዬ ናት፣ ኢርያ። ሆስፒታል እያለች ጠይቄያት ነበር እኮ። ‹እማዬ፣ ለቀብርሽ አበባ ትፈልጊያለሽ?› አልኳት። ‹አይ፣ ሰው አታስቸግሪ› አለችኝ።»

«ስንት ጊዜ ጠየቅሻት?»

በስልኩ ውስጥ የግድግዳዋ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኛል።

«አንዴ» አለች።

«ሌምፒንስ?»

«አንዴ።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰባበረ። «አውቀው ነበር እኮ… ልጅ ሆኜ አውቀው ነበር። እንዴት ረሳሁት?»

ማባበል ነበረብኝ፣ ግን አላባበልኩም። «እኔ ምን አውቃለሁ? እናትሽ ግን ብርድ ልብሷን ከደጃፏ ዛፍ ቀይ ፍሬ ጋር አዛ ነው የሞተችው» ብያት ዘጋሁ። ክፉ ነገር ተናገርኩ፤ ዛሬም አልጸጸትም።

በማግሥቱ የሱቁ ስልክ ጮኸ። ሌምፒ አነሳችው፣ አዳመጠች። «በረዶው ወገብ አልፏል። አይሆንም» ብላ ዘጋችው። ዞር ስትል እኔ ፈገግ ብዬ አገኘችኝ።

«አንቺ ነሽ የነገርሻት።»

«እኔ ነኝ።»

«ምላስሽ ይቆረጥ!»

«ዴኒስ ሁለቴ ጠየቀች። አንዴ ይቀራታል» አልኳት። ገና እስኪደርስ ድረስ አላናገረችኝም። የገናን ዳቦ እንኳ ደጄ ላይ አስቀምጣ ሳታንኳኳ ነው የሄደችው።

ጥር አጋማሽ ላይ፣ ማለዳ፣ በሩ ተከፈተ። ዴኒስ ናት። ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ድልድይ፣ በዚያ ንፋስ ነድታ መጥታለች። በዚህኛው ጊዜ እግሯ ላይ ያለው የቪየኖ አሮጌ የበረዶ ቦት ነው። በአንድ እጇ አካፋ፣ በሌላው በትራስ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ወፎች ያስተረፉት፣ የቀዘቀዘ፣ ደም የመሰለ ፍሬ ከነቅርንጫፉ ነው።

«አክስቴ ሌምፒ፣ የእማዬን ብርድ ልብስ ስጪኝ» አለች።

ሌምፒ ፍሬውን አየችው። ከዚያ ሄዳ የቪየኖ ወንበር ላይ ዘፍ አለች፤ ቪየኖ ከሄደች ወዲህ ማንም ያልተቀመጠባት ወንበር። ልታለቅስ ነው ብዬ ሳስብ «ምን ያፈዝሻል፣ ኢርያ? አካፋ አምጪ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ዋይኖ የመቃብር ቦታውን በር ሊከፍትልን አልፈለገም ነበር። «አብዳችኋል? ዛሬ ብትቆፍሩ ነገ ይሞላዋል። እስከ ግንቦት ደግሞ ማንም አያየውም።»

«ልጅቷ ፈቅዳለች። ደንብህ ይህ አይደለም እንዴ? ይልቅ መቃብሯ ከበረዶው ሥር የት እንዳለ እርምጃህን ቁጠርና አሳየን» አለችው ሌምፒ። በሩ አጠገብ ካለው ጥድ ሃያ ሁለት፣ ወደ ግራ ስድስት ቆጥሮ ቆመ። እያጉረመረመ እሱም አካፋ ያዘ።

የበረዶው ጥልቀት ከደረታችን በላይ ነበር። ቆፈርን። የላይኛው ልስልስ ነው፣ ሥሩ ድንጋይ ነው። ዴኒስ እጇ ተላጠ፤ ጓንቷ ላይ ደም አየሁ፣ አላቆመችም። ቀትር ካለፈ በኋላ የዋይኖ አካፋ ጥቁር አፈር ነካ። ሌምፒ «ዞር በሉ» ብላ በሰባ ዓመቷ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች። ብርድ ልብሱን አቀበልናት። ሁለት ወር ሙሉ በጓሮ ቆሞ፣ በመኪና ተንገጫግጮ፣ በሦስት ሰው እጅ ተጎትቶ፣ ነጩ በረዶ ላይ አንዲት ቅጠል አልረገፈም። ሦስተኛውን ውርጭ ባንጠብቅ ኖሮ ለቪየኖ የምንሰጣት ባዶ ጭራሮ ነበር።

አነጠፈችው። ጫፍ ጫፉን በእግሯ ረገጥ ረገጥ አደረገች። ፍሬውን መሃል ላይ በሽቦ አሰረችው። ከዚያ መውጣት ሲገባት አልወጣችም። ቆማ መሬቱን ስታይ ቆየችና በድንገት እየጮኸች መሳደብ ጀመረች።

«አንቺ ውሸታም! አትምጪ አልሽኝ! መንገዱ መጥፎ ነው፣ ሥራ አለብሽ፣ አትምጪ አልሽኝ!»

ዴኒስ ደንግጣ አየችኝ።

«አንዴ ነው ያለችኝ» አለች ሌምፒ፣ አሁን ወደ ላይ ወደ ዴኒስ ዞራ። ፊቷ በንዴት ተጨማድዷል፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርቋል። «እመጣለሁ እኮ አልኳት። አይ አትምጪ አለችኝ። ያቺ ስልክ ላይ ያለች ሴት ሃምሳ ዓመት የማውቃት ናት! አይ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ከአንቺ በላይ አውቃለሁ። ሰማንያ የእጅ አበባ ጠረጴዛው ላይ ነበረብኝ፤ አይ ስላለችኝ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ፣ ዴኒስ! እሺ እረፊ አልኳት።»

«አክስቴ፣ በቃ፣ ነይ ውጪ» አለች ዴኒስ እጇን እየዘረጋች።

«ስሚኝ ገና አልጨረስኩም! ቻው ብያት ዝም አለች እንጂ ስልኩን አልዘጋችውም። ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። ደግሜ እስክላት ነበር የምትጠብቀው። ቀድሜ የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ዋይኖ ኮፍያውን አወለቀ። ዴኒስ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ አጠገቧ ቆመች። ሁለቱም በዚያ ጠባብ ቦታ ብርድ ልብሱን ላለመርገጥ ተጣብቀው ቆዩ። ከሐይቁ በኩል ደመናው ጠቁሮ እየመጣ ነበር። ጎትተን ስናወጣቸው በረዶው ጀምሮ ነበር፤ መኪናው ጋ ደርሰን ዞር ስንል ቀዩ ፍሬ አይታይም።

ዴኒስ አሁን እሑድ እሑድ ከሰዓት ትደውላለች። የአየር ሁኔታ ያወራሉ፣ የእናቷን ቤት የገዙትን ሰዎች ያማሉ። ወሬው ያልቃል፣ ደህና ዋይ ይባባላሉ፣ ሌምፒ ግን ስልኩን አትዘጋም። ከዴኒስ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከአበባ አከፋፋዩም፣ ከፓስተሩም፣ በስህተት ከደወለ ሰውም ጋር እንዲሁ ነው። ያኛው ወገን እስኪዘጋ ድረስ ጆሮዋ ላይ ለጥፋው ትቆማለች። እኔ በአንድ እጄ አበባ፣ በአንድ እጄ ሽቦ ይዤ እጠብቃታለሁ፤ አንዳንዴ ንዴት ይገድለኛል፣ ግን ዝጊው አልላትም።